«ሀ ሁ»ን ታዜማለች፣ «ሱ»ን ለብቻዋ ስታያት ግን አታውቃትም

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን፣ ከአንዲት እናት ነው። ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«መምህር፣ ልጄ አራት ዓመት ከአምስት ወሯ ነው። ኬጂ ከገባች ሰባት ወር ሆናት። ሀ ሁን ከላይ እስከ ታች ሳትሳሳት ትወጣዋለች። እንግዳ ሲመጣ ‹በይ እስቲ› እንላታለን፣ ሁሉም ያጨበጭብላታል። በቀደም ግን አንዷን ፊደል ነጥዬ ‹ይቺ ማናት?› ብላት ዝም አለች። ‹ሱ› ነበረች። የእንግሊዝኛውን ኤ ቢ ሲ ዲም ከስልክ ለምዳ ትዘፍነዋለች፤ እሱም እንደዚያው ነው። ትምህርት ቤቱ ‹ፎኒክስ እናስተምራለን› ይላል፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። አማቴ ከመንዝ መጥተው አብረውን ናቸው፤ ‹ይሄ ሁሉ ጨዋታ ነው፣ የኔታ ዘንድ ስደጃት› ይላሉ። እኔ ደግሞ ድምፄ አያምርም፣ የልጆች መዝሙርም አላውቅም። ቤት ውስጥ ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ነገር አትደንግጪ። ልጅሽ ሰነፍ አይደለችም፤ አንቺም አልዘገየሽም። ልጅሽ እስካሁን የተማረችው ዜማ ነው። ፊደሉን ገና አልተማረችም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

እኔ ይሄን ያየሁት ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። አንድ ልጅ ነበረ፣ ሁላችንም ጎበዝ የምንለው። የፊደል ገበታው ፊት አቁሜ ስንደዶ ሰጠሁትና «እየጠቆምክ ቁጠር» አልኩት። ጀመረ። አፉ «ሰ ሱ ሲ ሳ» ይላል፣ ስንደዶው ግን ገና «ረ» ላይ ነው። እሱ ግድ የለውም። አፉ መጨረሻው «ፖ» ላይ ሲደርስ ስንደዶው ሁለት መስመር ቀርቶታል። እኔም አጨበጨብኩለት! ሞኝነቴ የገባኝ ወር ቆይቶ፣ ያው ልጅ የራሱን ስም ከሰሌዳ ላይ ፈልጎ ሲያጣ ነው።

ቤትሽ ሞክሪው። የ«ሰ»ን መስመር በትልቁ ጻፊ፣ በወረቀት ሸፍኚና «ሱ»ን ብቻ ግለጪላት። ፊደሏን ሳይሆን የልጅሽን ከንፈር እዪ። በሹክሹክታ «ሰ» ብላ ጀምራ «ሱ» ላይ ከቆመች እየቆጠረች ነው የደረሰችው። እኛስ «ጥቅምት ስንተኛው ወር ነው?» ብንባል ከመስከረም ጀምረን በጣታችን አይደል የምንሄደው? መቁጠሯ ጥሩ ምልክት ነው፤ መንገዱን ታውቀዋለች ማለት ነው። የቀራት መሐል መንገድ ላይ ቢያወርዷት የት እንዳለች ማወቅ ነው።

እዚህ ላይ አማትሽን ቶሎ «አይሆንም» እንዳትያቸው። የኔታ ይሄን በሽታ ከእኛ ቀድመው ያውቁታል፤ መድኃኒትም አላቸው። በአብነት ትምህርት ቤት ልጁ ሀ ሁን ቆጥሮ ሲጨርስ ቀጥታ ወደ ንባብ አይገባም። አቡጊዳ አለ። አቡጊዳ ገበታውን ይበጠብጠዋል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ይላል። አ ግዕዝ፣ ቡ ካዕብ፣ ጊ ሣልስ፣ ዳ ራብዕ፣ ሄ ኃምስ፣ ው ሳድስ፣ ዞ ሳብዕ። ሰባቱም ከተለያየ ቤት የመጡ ናቸው። ሀ ሁን በዜማ ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ይያዛል። እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ ካላወቃት መሄጃ የለውም። (ቃሉ ራሱ ሩቅ ሄዷል። በ1990 እ.ኤ.አ. ፒተር ዳንኤልስ የተባሉ አሜሪካዊ የጽሕፈት አጥኚ የእኛንና የሕንዶቹን የመሳሰሉ ፊደላት በጅምላ የሚጠሩበት ስም ሲፈልጉ ይሄንኑ «አቡጊዳ» ወሰዱት።)

ሌላም የየኔታ ጥሩ ነገር አለ። ልጁ ብቻውን ይቀርባል፣ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስቆጥራል። ስድሳ ልጅ በአንድ ድምፅ የሚጮህበት ክፍል ይሄን አያገኝም። እኔ ከአማትሽ የምለየው በዕድሜዋ ላይ ብቻ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ረጅም ሰዓት ተቀምጣ እንድትቆጥር አልፈርድባትም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንኳን ቅድመ አንደኛን ያሰበው ለ5 እና ለ6 ዓመት ልጆች ነው። ጊዜ አላችሁ። ከፊደል በፊት የሚሠራ ሌላ ሥራ አለ፤ እሱም የጆሮ ሥራ ነው።

ፎኒክስ ስለሚባለው ላስረዳሽ። ፎኒክስ ማለት ፊደሉ የሚሰጠውን ድምፅ ማወቅ፣ ከዚያ ድምፆቹን አጋጥሞ ቃል ማውጣት ነው። እንግሊዞች ይሄን ለብቻው ማስተማር የግድ ሆኖባቸዋል፤ የፊደላቸው ስምና ድምፅ አይገናኝማ። «ሲ፣ ኤ፣ ቲ» ብለሽ መቶ ጊዜ ብትደጋግሚ «ካት» አይወጣሽም። «ክ–ኣ–ት» ስትይ ነው ድመቷ የምትመጣው። «ኤች» የምትባለዋማ ጭራሽ በስሟ ውስጥ ድምፅዋ የለም። 26 ፊደል ይዘው ወደ 44 የሚሆን ድምፅ ይጽፋሉ።

የእኛ ደግ ነው። የ«ላ» ስሟም ድምፅዋም «ላ» ነው። «ጋ» እና «ቢ»ን አስከትለሽ ጥሪ፤ ጋቢ ሆነ፣ አለቀ። ስለዚህ ልጅሽ ፎኒክስን በአማርኛ ብትጀምረው ግማሹን መንገድ በነፃ ትሄዳለች። ከኪስሽ የሚወጣ ብር የለም።

ጆሮውን በጭብጨባ ጀምሪ። ቃል ትጠሪያለሽ፣ እሷ ጉልበቷን መታ መታ እያደረገች ትከፍለዋለች። ዳ–ቦ። ጋ–ቢ። ጫ–ማ። ቆ–ሎ። ሎ–ሚ። አንድ የባለሙያ ምሥጢር ልንገርሽ። መጀመሪያ ላይ ሳድስ (እንደ «ም» ያለ፣ የመስመሩ ስድስተኛ ፊደል) ያለባቸውን ቃላት ተያቸው። «ዳቦ» ሁለት ጭብጨባ ነው፣ ሲጻፍም ሁለት ፊደል ነው። «ቲማቲም» ግን ጭብጨባው ሦስት፣ ፊደሉ አራት ይሆንና ትምታታለች። መጀመሪያ ያጨበጨበችውና በኋላ የምታየው ልክ ለልክ ይግጠምላት። ከዚያ መደበቅ ትጫወታላችሁ። «ጫማ በይ። አሁን ‹ጫ›ን ደብቂያት። ማን ቀረ?» «ማ!» ይሄን ሳትስቅ የምታደርግ ልጅ አላጋጠመችኝም። እዚህ ለመድረስ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ይፍጅ።

አሁን ወደ መዝሙሩ። «ድምፄ አያምርም» ያልሽውን ተዪው። ነሐሴ 13 በራፍሽ ላይ ሆያ ሆዬ የሚሉት ልጆች ድምፃቸው አምሮ ነው እንዴ? ግማሾቹ ጉሮሯቸው ተዘግቶ ነው ሙልሙሉን የሚቀበሉት። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው «ሆ» ይላል፤ ሦስት ዓመት ያልሞላውም ከኋላ ሆኖ «ሆ» ማለት አያቅተውም። ለትንሽ ልጅ የሚስማማው ቅርፅ ይሄ ነው። አውራጅና ተቀባይ ያለው፣ አጭር፣ የሚደጋገም፣ ቤት የሚመታ።

ቤት መምታቱ ዋናው ነው። ሁለት ስንኝ በአንድ ድምፅ ሲያልቅ የልጅ ጆሮ ቀጥ ይላል። ያንን የመጨረሻ ድምፅ ሳታውቀው ከቃሉ ነጥላ ሰማችው ማለት ነው። መዝሙር መግዛትም መፈለግም የለብሽም፤ ከቤትሽ ሁኔታ ፍጠሪ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። ጠዋት ልጅ ስታለብሺ የሚዘፈን ነገር አይጠፋም።

ብርዱ ብርዱ በረደኝ፣
ጋቢ አምጪና አልብሺኝ።

ራበኝ እማ ራበኝ፣
በሶ ጨብጪ አጉርሺኝ።

ይሄ ግጥም ነው ብዬ ለማንም አላሳይም። ለአራት ዓመት ልጅ ግን ይበቃል። ሦስት ቀን አብራችሁ በሉት። በአራተኛው ቀን «ጋቢ አምጪና…» ብለሽ ዝም በይ። እሷ ትጨርሰዋለች። ከሳምንት በኋላ አበላሺው። «ጋቢ አምጪና ሽንኩርት!» በያት። «አይደለም!» ብላ ከጮኸች ጆሮዋ ሠርቷል። ቤት እንዳልመታ ሰምታለች።

ሌላ፦

ባዕ ባዕ አለ በጋችን፣
ማን ወሰደው ሳራችን?

እምቧ አለች ላማችን፣
የት አለ ገለባችን?

ሚያው አለች ድመታችን፣
ማን ጠጣብን…

የመጨረሻውን ለእሷ ተዪላት። «ወተታችን» ካለች ጥሩ። «ሻያችን» ብትልም ቤት መትቷልና ጥሩ ነው። እንዲያውም ይሄኛው ይሻላል፤ ከራሷ የወጣ ነው።

አማትሽ እዚህ ላይ ከእኔም ከአንቺም ይበልጣሉ። «ጨዋታ ነው» ያሉት ነገር ሙያቸው ነው። እሹሩሩ ብለው ልጅ ያሳደጉ፣ ማታ እሳት ዳር «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» የሚመልስ ልጅ ያበዙ ሰው ናቸው። በተለይ እንቆቅልሽ ይጠይቋት። እሳቸው «እንቆቅልሽ» ሲሉ እሷ «ምን አውቅልሽ» ትበል። ካላወቀች እንደ ልማዱ «አገር ስጪኝ» ይባላል። እኔ እዚህ ላይ አንዲት ነገር ጨምሬበታለሁ። አገሩ በታዘዘው ፊደል ይጀምር። «በመ የሚጀምር አገር ስጪኝ!» ሰሜን ሸዋ ለዚህ ታድሏል። መንዝ። «ሚ»ስ? ሚዳ። «ማ»? ማጀቴ። «ም»? ምንጃር። «ሞ»? ሞላሌ፣ ሞረት። «ሙ» እና «ሜ» ብቻ ጎደሉን፤ እነሱን በሙዝና በሜዳ ትሞያቸዋላችሁ። (መሐል ሜዳ የሚል ብልጥ አያት ካለ ግማሽ ነጥብ ይሰጠው።) ልጅቱ የት እንዳሉ አታውቃቸውም፣ ግድ የለም። አያቷ ስለ እያንዳንዱ አንድ ነገር ይነግሯታል፤ ከፊደሉ ጋር አገሩም ይገባል።

ይሄ ሁሉ ገና ፊደል ሳይታይ ነው። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ፊደሉን አምጪ። ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ። ሲሰለቻት ቀድመሽ አቁሚ።

ከ«ሀ» አትጀምሪ። በእኔ አስተያየት ገበታው ጥሩ መደርደሪያ ነው፣ መግቢያ በር ግን አይደለም። የመጀመሪያዋ ፊደል የስሟ መጀመሪያ ትሁን። ልጅ ስሟን በጫማዋ፣ በኩባያዋ፣ በቦርሳዋ ላይ ስታይ ፊደል የሆነ ነገር እንደሚናገር ይገባታል። ቀጥሎ አራት ቤት ብቻ ያዢ፤ ለ፣ መ፣ ሰ፣ በ። ለምን እነሱ? ምልክታቸው አይዋሽም። ካዕቡ ሁልጊዜ ወገቡ ላይ በቀኝ እጁን ይዘረጋል፤ ሉ ሙ ሱ ቡ። ሣልሱ እግሩ ሥር ነው፤ ሊ ሚ ሲ ቢ። ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት አለው፤ ሌ ሜ ሴ ቤ። «ሱ»ን ያወቀች ልጅ «ቡ»ን ሳትነግሪያት ትገምታለች። ስትገምት ማየት ደስ ይላል። «ሩ» እና «ፉ» እንደዚህ አይታዘዙም፤ ኋላ ይምጡ። ሳድሶቹ ል ም ስ ብ ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መልክ አላቸው፤ እነሱን አንድ በአንድ መተዋወቅ ነው።

በእነዚህ 28 ፊደላት ምን ይጻፋል? ላም። ልብ። ስም። በላ። ሰማ። ሙሉ። ሚሚ። ሰላም። «ሰላም»ን ያነበበች ቀን ለአባቷ ደውላ ታንብብለት።

አንድ ወጥመድ አለ። «ባ» እና «ቦ»። ባ የግራ እግሯ አጭር ነው፣ ቦ ደግሞ የቀኙ። ላ እና ሎ፣ ሳ እና ሶም እንደዚሁ ናቸው። ለልጅ ዓይን ጫማ በግልባጭ እንደማድረግ ነው። አንድ ቀን ላይ አብረሽ አታሳያት። ባ ከ«ባዕ ባዕ» ባዩ በግ ጋር ትምጣ፣ ትደላደል፤ ቦ ከሁለት ሳምንት በኋላ በቦርሳ ትግባ። ሰባት ዓመት እስኪሞላቸው የሚያቀያይሩ ልጆች ብርቅ አይደሉም፤ አትቆጪ።

የምወደው ትምህርት የኮፍያው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ኮፍያ የሚወጣ ሕፃን የለም። «ሰ በረዳትና ኮፍያ አደረገች፣ ሸ ሆነች» በያት። ተ ቸ። ነ ኘ። ዘ ዠ። ደ ጀ። ከ ኸ። ጠ ብቻ ጨ ስትሆን ምልክቷን እግሯ ላይ ታደርጋለች፤ የእሷ ጫማ ነው በያት። ዝም ብሎ ተረት አይደለም። በግዕዝ ያልነበሩ የአማርኛ ድምፆችን ለመጻፍ አባቶች በእርግጥም ነባሩ ፊደል ላይ ምልክት ጨመሩ። መናኸሪያ ወስደሽ ደግሞ ታፔላ አስነብቢያት። ረዳቱ «ጫጫ ጫጫ!» እያለ ይጮኻል፣ ታፔላው ላይም «ጫጫ» ተጽፏል። ሁለት ፊደል፣ ሁለቱም አንድ። ከዚህ የቀለለ ንባብ በኢትዮጵያ መንገድ ላይ አላውቅም። አንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ሚኒባስ ሲጠብቅ ይቺን አንብቦ ረዳቱን «እኔም አውቄዋለሁ» ሲለው ሰምቻለሁ። ረዳቱም «እንግዲያው ጥራልኝ» ብሎት እስኪሞላ ድረስ ሲጣራ ቆየ።

ጽሕፈት አትቸኩዪ። የእርሳስ አያያዝ ጣቷ ሲጠና ይመጣል። እስከዚያ ሰፌድ ላይ ስስ ዱቄት በትነሽ በጣቷ ትጻፍ። ሊጥ ስታቦኪ ቁራጭ ስጫት፣ «ሀ» ጠቅልላ ትሥራ። ውርጭ ያደረ ጠዋት የመስኮቱ መስታወት በላበት ይሸፈናል፤ ከእሱ የተሻለ ሰሌዳ የት ይገኛል? ደብተር ሙሉ አንድ ፊደል መቶ ጊዜ ማስገልበጥ ግን ለማንም አይጠቅም። ትምህርት ቤቱ የቤት ሥራ ብሎ ከላከው ሁለት መስመር አጽፊያትና «በቃት» ብለሽ መልሺ። አስተማሪዋ ቅር ቢላት ቻይው።

«ሦስት ሀ ለምን አለ?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። መልሱን አያቷ ይስጡ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ስማቸው ራሱ ዜማ ነው። ለጊዜው ግን ከመንትዮቹ አንዱን ብቻ አስተምሪ፤ ሌላውን «እኅቷ ናት፣ ኋላ ትመጣለች» በይ። አማትሽ «ጦም» ሲሉ መጽሐፉ «ጾም» ማለቱንም አታርሚባቸው። የሸዋ አፍ ጸን ጠ ማድረግ ልማዱ ነው። ልጅቱ ሁለቱንም መስማቷ ጆሮዋን ያሰፋል እንጂ አይጎዳትም።

ሳድስ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጆች የሚሰናከሉት እዚህ ነውና። «ብርድ»ን አንብቢ ብትያት «ብ… ር… ድ…» ትላለች፣ ሦስቱንም እኩል እየጎተተች። ቃሉ አይመጣላትም። ደብረ ብርሃን ተወልዳ ብርድን ሳታውቅ! ምክንያቱ ሳድስ ሁለት ጠባይ ስላለው ነው። «ብ» ላይ አናባቢዋ ትሰማለች፤ «ር» እና «ድ» ላይ ግን ጠፍታለች። ጽሑፉ ይሄን አይነግራትም። ማጥበቅና ማላላትንም አይነግራትም፤ «ገና» የበዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚባለው፣ አረፍተ ነገሩን ሳታውቅ አይለይም። ስለዚህ ልጅ የምታነበው ቃል አስቀድማ በጆሮዋ የምታውቀው መሆን አለበት። ተረቱ፣ ወሬው፣ እንቆቅልሹ የሚጠቅማት እዚህ ነው። ፊደሉ ጫፉን ያቀብላታል፣ የቀረውን ከሰማችው ትሞላዋለች።

ሳድስ የእንግሊዝኛውም ድልድይ ነው። የእንግሊዝኛ ፎኒክስ አስተማሪዎች «የቢ ድምፅ» የሚሉት የእኛ «ብ» ነው፣ ያውም አናባቢዋ የጠፋችው። «ልብ» በይና መጨረሻ ላይ ከንፈርሽ የሚያደርገውን አስተውይ። እሷ ናት። «ቤት» ስትይ መጨረሻዋ «ት»፣ «ስም» ስትይ «ም»። ልጅሽ የአማርኛ ሳድስን ከያዘች የእንግሊዝኛን ተነባቢ ፊደላት አብዛኛውን ድምፅ ይዛለች። ሊጎተቱ በሚችሉት ጀምሩ፤ ስስስ፣ ምምም፣ ፍፍፍ፣ ሽሽሽ። «ብ»ና «ት» አይጎተቱም፤ እነሱ ይከተሉ። የሚያስቸግራት አናባቢው ነው። ሁለት ተነባቢ ተያይዞ የሚጀምር ቃልም ለአፋችን ይከብዳል። «ስክሪብቶ» ማለት አቅቶን «እስክሪብቶ» ያልን ሕዝብ ነን። ልጅቷ «እስኩል» ብትል አትሳቂባት፤ አንቺ አስተካክለሽ ደግመሽ ጥሪላትና እለፊ።

የኤ ቢ ሲ ዲ ዜማውን አታስተዪያት። እንደ ሀ ሁ ዜማ ነው፤ መደርደሪያ ነው። «ኤል ኤም ኤን ኦ ፒ» የሚለው ቦታ ላይ አምስቱ ተጣብቀው አንድ ፊደል እንደሚመስሏት ብቻ እወቂ። የእንግሊዞቹ ልጆችም እዚያው ጋ ይሳሳታሉ። እንግሊዝኛውን ለመዝናኛ ትዝፈነው። ንባቡ አማርኛውን ስታነብ ይደርሳል፤ አንዴ ማንበብ የቻለ ልጅ ሁለተኛውን ቋንቋ ከዜሮ አይጀምርም።

ስልኩን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥር እንደሚሻል ይመክራል። ስልክ ደግሞ አይጠብቅም። ልጅሽ ብትሳሳት ዘፈኑ ይቀጥላል። አንቺ ግን «ጋቢ አምጪና…» ብለሽ ዓይን ዓይኗን እያየሽ ትጠብቂያታለሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትጠሪያት ቶሎ ትሰማለች? ድምፅ ከፍ አድርጋ ነው የምታየው? ጆሮዋን እየታመመች ወይም እየፈሰሳት ያውቃል? ከቤት ውጪ ያለ ሰውስ ንግግሯን በአብዛኛው ይረዳዋል? ከእነዚህ የሚያሳስብሽ ካለ ፊደሉን ለጊዜው ተዪውና ጆሮዋን በሐኪም አስመርምሪ። ዘይትም ቅጠልም አታንጠባጥቢበት። በደንብ የማይሰማ ጆሮ «ከዳ» እና «ቀዳ»ን፣ «ተራ» እና «ጠራ»ን አይለይም፤ ልጅቷም «አልገባትም» እየተባለች ትወቀሳለች። እንዲህ ያለች ልጅ አስተምሬያለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ፈዛዛ ስንላት ከርመን፣ ችግሩ ጆሮዋ ውስጥ ሆኖ ተገኘ።

ከወር በኋላ ያቺን ወረቀት መልሰሽ አውጪ። መስመሩን ሸፍኚ፣ «ሱ»ን ብቻ ግለጪ፣ ከንፈሯን እዪ። «ሰ» ሳትል ቀጥታ «ሱ» ካለች የቦርሳዋን «ቦ» አምጪላት። አሁንም ከ«ሰ» ከተነሳች ግን ወደ ጭብጨባው ተመለሺ፤ አማትሽም አቡጊዳውን የሚያውቁት ከሆነ ማታ ማታ በጨዋታ ያሰሟት።